ጓሮ ለሌለው ቤት፤ ስለ ጉንቁል ጥቅምና ጥንቃቄ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በአንዲት የሻይ ብርጭቆ የሚሰፈር፣ በአንድ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ የሚያድግ፣ አምስት ቀን ሳይሞላው ለምግብ የሚደርስ ነገር ነው። ይኸውም እናቶቻችን ጉንቁል ወይም በቆልት እያሉ የሚጠሩት፣ ውሃ ጠጥቶ ሥሩን ያወጣ እህል ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም ስለ እርሱ እንድናገር የሚያስገድደኝ ዕዳ አለብኝ። ዕዳው ምን እንደ ሆነ በስፍራው እገልጻለሁ።

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሚሆን ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ የገበሬውን ግቢ የተመለከተ ሰው የወላይታን ቤት ሀብት ያያል፤ ከቤቱ አጠገብ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ጎመኑና ጎደሬው፣ ከዚያም ስኳር ድንቹ፣ ከበቆሎው ጋራ ተሰባጥሮ የተዘራው ቦሎቄም በየተራው ይገኛል። ባለቤቲቱ ለእራት የሚሆን ቅጠል ስትፈልግ የምትሄደው ወደ ገበያ ሳይሆን ወደ ጓሮዋ ነው።

በከተማ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ግን እንዲህ ያለ ጓሮ የለንም። በ2015 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የክልሉ የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ እኔም እንደ ሌሎቹ ባልደረቦቼ ወደዚህች ከተማ ተዛውሬ መጣሁ። ብዙዎቻችን የምንኖረው በኪራይ ክፍል ስለ ሆነ ያለን መሬት የመስኮት ደፍ ብቻ ነው። ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ የበልጉም ዝናብ ገና ሳይጥል ባለው ደረቅ ወራት ቅጠል ይወደዳል፤ ወሩ ሲጋመስ ደግሞ ደመወዝ ይሳሳል። በዚህን ጊዜ ከገበታችን ቀድሞ የሚጠፋው ትኩስ ነገር ነው። እንጀራውና ሽሮው ይቀራሉ፤ ቅጠሉ ይሄዳል።

ስለ በቀለ እህል ጥቅም ሲነሣ አንዳንድ ሰው «ይህ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ፈሊጥ ነው» ሲል ይሰማል። ነገር ግን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንደሚባለው ሆኖብን ነው እንጂ እህልን የማብቀል ጥበብ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። ጠላ የሚጠመቅበት ብቅል ምንድን ነው? ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ በቅጠል ተሸፍኖ ሥሩን እስኪያወጣ ይቆያል፤ ከዚያም ይደርቃል። በደቡቡ አገራችን ሰዎች ጠጥተውት ረኃባቸውን የሚያስታግሱበት ቦርዴም ያለ ብቅል አይሆንም። በጾም ወራት ደግሞ ባቄላው ተዘፍዝፎ፣ ጎንቁሎ፣ ተቀቅሎ፣ በጨው ይቀርባል። ይህን የሠሩ እናቶች ስለ ቪታሚን አልተማሩም፤ ነገር ግን የጎነቆለ ባቄላ ቶሎ እንደሚበስል፣ ሆድንም ብዙ እንደማይነፋ ያውቁ ነበር።

የዘመኑ ሊቃውንትም ምክንያቱን መርምረው ገልጸውታል። በደረቅ ፍሬ ውስጥ ለሚመጣው ቡቃያ ስንቅ የሚሆን ስታርችና ፕሮቲን ተቋጥሮ ተቀምጧል። ፍሬው ውሃ ሲያገኝ ኤንዛይም የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሥራ ጀምረው የተቋጠረውን ስንቅ ይፈቱታል። በዚህ ጊዜ ለእኛ የሚጠቅሙ ሦስት ለውጦች ይሆናሉ። አንደኛው፣ በደረቁ ፍሬ ውስጥ የለም ለማለት የሚቻለው ቪታሚን ሲ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይፈጠራል። ሁለተኛው፣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረትና ዚንክ አስሮ ሰውነታችን እንዳይወስዳቸው የሚያግደው ፊቲክ አሲድ ይቀንሳል። ሦስተኛው፣ ስታርቹ በከፊል ስለሚፈታ ምግቡ ለሆድ ይቀልላል።

ይህ ነገር በጦር ሜዳ ሳይቀር ተፈትኗል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅጠልና ፍራፍሬ ያጡ ወታደሮች ድዳቸው እየደማ፣ ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ ስከርቪ በተባለው በሽታ ይወድቁ ነበር። ስከርቪ የሚመጣው ከቪታሚን ሲ እጦት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. ዊልትሻየር የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የታመሙትን የሰርብያ ወታደሮች በሁለት ወገን ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን የሎሚ ጭማቂ፣ ለሌላው የበቀለ ጥራጥሬ እየሰጠ ካስታመመ በኋላ ጥራጥሬው ከሎሚው የማያንስ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። በሚከተለው ዓመት ደግሞ ሐሪየት ቺክና ማሪዮን ዴልፍ የተባሉ ሁለት ሴቶች ሊቃውንት በእንስሳት ላይ ፈትነው፣ ደረቁ ፍሬ በሽታውን የማይከላከል፣ የበቀለው ግን የሚከላከል መሆኑን አሳዩ። ይህ በሽታ ከእኛም ሩቅ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት በሱማሌና በሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ትኩስ ነገር በሌለበት ደረቅ ራሽን ሲኖሩ ስከርቪ ተነሥቶባቸው ነበር።

እንግዲህ ወደ ዕዳዬ ልመለስ። ሶዶ በገባሁበት ሰሞን ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ገጽ አነበብሁና ንግግር አድርጌ ነበር። ያልሁትም «ማናቸውንም ጥራጥሬ አብቅሉ፤ ጥሬውንም ብሉት፤ እሳት ቪታሚኑን ያጠፋዋልና» የሚል ነበር። ወዳጆቼ ንግግሩ አማረ ብለው አመሰገኑኝ። ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ፣ ለሌላው የመከርሁትን በቤቴ ልፈጽም ብዬ፣ ከገበያ የገዛሁትን ቀይ ቦሎቄ አበቀልሁ፤ በሽንኩርትና በቃሪያ ለውሼም ለባለቤቴና ለሰባት ዓመት ሴት ልጄ አቀረብሁ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ልጄ ሆዷን ይዛ ትጮኽ ጀመር፤ ትውከቱም ተከታተለባት። ከእርሷ ቀጥሎ እኔ ወደቅሁ። ባለቤቴ ጥቂት ብቻ ቀምሳ ስለ ነበር እርሷ ደኅና ሆና፣ ውሃ እያጠጣች ሁለታችንን ታስታምመን ጀመር።

ጩኸቱን ሰምተው የቤታችን አከራይ፣ የወላይታ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ።

«ምን በላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

«ጉንቁል ነው፣ እማማ፤ ቦሎቄ አብቅለን» አለች ባለቤቴ።

«ምን ያህል ተቀቀለ?»

«አልተቀቀለም።»

እማማ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ልጄ፣ በሬዲዮ የምትናገረው አንተ አይደለህም እንዴ? ቦሎቄ ያለ እሳት ይበላል ብሎ ማን ነገረህ?» አሉኝ።

የምመልሰው አልነበረኝም። ልጄ በማግሥቱ ተሻላት። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ያሳሰበኝ የእርሷ ሕመም ብቻ አልነበረም። ቃሌን አምኖ ጥሬ ቦሎቄ ለልጁ ያቀረበ አንድ አድማጭ ቢኖርስ? ያ ሰው ከሐኪም ቤት ርቆ የሚኖር ቢሆንስ? በሬዲዮ የተነገረ ቃል እንደ ደብዳቤ ተጠርቶ አይመለስም። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ማረሚያ መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቃችሁ እወዳለሁ።

እማማ ከልምድ የተናገሩትን ሊቃውንትም ያረጋግጡታል። በጥሬ ቦሎቄ ውስጥ፣ ይልቁንም በቀዩ ውስጥ፣ ሌክቲን ከሚባሉት ወገን የሆነ መርዛም ፕሮቲን አለ። አራት ወይም አምስት ጥሬ ፍሬ ብቻ የበላ ሰው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ቦሎቄን ማብቀል ይህን መርዝ ለመጥፋት አያደርሰውም። በለዘብታ እሳት ማሞቅም አይበቃም፤ እንዲያውም ሳይፈላ በሙቅ ውሃ ውስጥ ብቻ የቆየ ቦሎቄ ከጥሬው የባሰ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። መርዙን የሚያጠፋው ተንፈቅፍቆ የሚፈላ ውሃ ነው። እንደ ሶዶ ባለ ከፍተኛ ስፍራ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ጊዜውን ማርዘም ይገባል። ስለዚህ ቦሎቄን ሌሊቱን ዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ድፉት፤ በአዲስ ውሃም ከግማሽ ሰዓት ባላነሰ ጊዜ አፍሉት፤ እስኪለሰልስም አብስሉት።

ይህን ስል ቦሎቄን አትብሉ ማለቴ አይደለም። «ቀይ ወላይታ» እየተባለ በዚህ አገር ስም የሚጠራ የቦሎቄ ዝርያ አለ፤ ለብዙ ቤትም ረኃብ ማስታገሻ ነው። በንፍሮነቱ፣ በወጥነቱም የተመሰገነ ምግብ ነው። ጥሬውን ለመብላት የሚሆን ግን አይደለም።

ከቦሎቄ ሌላ ደግሞ ከማብቀያ ዕቃችን መራቅ ያለባቸው አሉ። ጓያ አንዱ ነው፤ ጓያን አዘውትሮ የሚበላውን ሰው እግሩን የሚያሽመደምደው መርዝ በመብቀል አይጠፋም። ማሽላም ሲበቅል በቡቃያው ውስጥ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር ስለሚፈጠር ለምለም ቡቃያው አይበላም። ከሁሉ ይልቅ የምለምናችሁ ለዘር ተብሎ የተዘጋጀ እህል እንዳትጠቀሙ ነው። ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ የተባይና የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የተቀባ ነው፤ ቀይ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም የሚቀባውም ለምግብ እንዳይውል ምልክት እንዲሆን ነው። ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት የተነሰነሰበት እህልም እንደዚሁ ነው። አጥበን እናጠራዋለን ብላችሁ አትድፈሩ። ነጋዴውን ጠይቁ፤ ካላወቀ ከሌላ ግዙ።

ምናልባት «ምስርና አብሽስ? እነዚህ መርዝ የላቸውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላ አደጋ አለ። እህል የሚበቅልበት ርጥበትና ሙቀት በዓይን ለማይታዩ ተሐዋስያንም የሚመች ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በጀርመን አገር ከበቀለ አብሽ ጋራ በመጣ ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴርያ ከ3,800 በላይ ሰዎች ታመሙ፤ ከ50 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ንጹሕ ውሃ ከቧንቧ በማይታጣበት አገር ይህን ያህል ጥፋት ከደረሰ፣ ውሃ በጀሪካን አጠራቅመን በምንጠቀም በእኛ ቤት ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ይሆን? ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ በቤታችን የበቀለ ነገር ሁሉ በእሳት ይለፍ። እሳት ከቪታሚኑ የተወሰነውን ይወስዳል፤ ሁሉን ግን አይወስድም። ይልቁንም ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሽማግሌዎችና ለሕመምተኞች ጥሬ ጉንቁል ከቶ አይሰጥ።

አሁን አሠራሩን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ለጀማሪ የሚመቸው ድፍን ምስር ነው። ከአረንጓዴው ትንሽ ፍሬ ከማሾ ያገኘ ሰውም በእርሱ ሊጀምር ይችላል። የተከካ ምስር አይበቅልም፤ የተቆላም አይበቅልም።

እጃችሁን በሳሙና ከታጠባችሁ በኋላ አንድ የሻይ ብርጭቆ ምስር ስፈሩ። ጠጠሩን፣ የተሰበረውንና የነቀዘውን ለቅማችሁ ጣሉ፤ የቀረውን ሦስት ጊዜ እጠቡ። ከዚያም ፈልቶ በቀዘቀዘ ብዙ ውሃ ከማታ እስከ ጧት ዘፍዝፉት። ጧት ውሃውን ደፍታችሁ ምስሩን በፈላ ውሃ በታጠበ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ጨምሩት። የማርማላታ ዕቃ ለዚህ ይበቃል። አፉን በንጹሕ ስስ ጨርቅ ሸፍናችሁ እሰሩት፤ ውሃው እንዲንጠፈጠፍም በሰሐን ላይ አዘንብላችሁ ፀሐይ በማይመታው ስፍራ አኑሩት።

ወደ ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ከቢሮ ስትመለሱና ከመኝታ በፊት፣ በቀን ሦስት ጊዜ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቅልቃችሁ አጥልሉት። ውሃ በውስጡ ቢቋጥር ይበሰብሳል፤ ማለቅለቁ ቢታጎል ይደርቃል። በሶዶ አየር ከተዘፈዘፈ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሥሩ ከፍሬው ይረዝማል፤ ያን ጊዜ ደርሷል ማለት ነው። አንዱ ብርጭቆም ሦስት ብርጭቆ ገደማ ይሆናል። ሥሩ ላይ ነጭ ፀጉር የመሰለ ነገር ብታዩ አትደንግጡ፤ ሲለቀለቅ ከሥሩ ላይ ተኝቶ ከዓይን የሚሰወር ከሆነ የሥሩ ፀጉር ነው። በፍሬዎቹ መካከል እንደ ሸረሪት ድር ከተዘረጋና ከሸተተ ግን ሻጋታ ነው። ያሟለጨውም፣ የሸተተውም ያለ ማመንታት ይጣል። ምስሩ የአንድ ብርጭቆ ዋጋ ነው፤ ጤና ግን በብርጭቆ አይሰፈርም።

የደረሰውን በዚያው ቀን ተጠቀሙበት። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ካፈላችሁት በኋላ አጥልሉትና በሽንኩርት፣ በቃሪያ፣ በሎሚና በዘይት አዚፋ አስመስላችሁ አቅርቡት። ሎሚው ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዲወስደው ይረዳል። ወይም ለወጥ በተቁላላ ሽንኩርት ላይ ጨምሩት፤ ከደረቁ ምስር ፈጥኖ ስለሚበስል ከሰል ወይም መብራት ይቆጥብላችኋል። ባቄላ ያበቀለ ሰው ግን እስኪለሰልስ ድረስ መቀቀል አለበት። የተቀቀለውን የባቄላ ጉንቁል ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከቅመሙ ጋራ ተፈጭቶ በሚሠራው በወላይታ ዳጣ እየጠቀሱ መብላት ለእንግዳ የሚቀርብ ምግብ ነው።

ሕፃን ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ ገንፎው ሲወፍር መዋጥ ያቅተዋል፣ በውሃ ሲቀጥን ደግሞ ኃይል አይሰጠውም። ለዚህ የብቅል ዱቄት መድኃኒት ነው። ንጹሕ ስንዴ ወይም ገብስ ዘፍዝፋችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አብቅሉ፤ በፀሐይ አድርቁት፤ ሥሩን አሽታችሁ አስወግዱና አስፈጩት። ወፈር ያለ ገንፎ አብስላችሁ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ በረድ ሲል ከዚህ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ጨምራችሁ አማስሉት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ገንፎው ውሃ ሳይጨመርበት ሲቀጥን በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ በብቅሉ ያለው ኤንዛይም ስታርቹን ስለሚቆራርጠው ነው። ከዚያ በኋላ መልሳችሁ አፍሉት። ይህን ሁለተኛ መፍላት አትዝለሉ፤ ዱቄቱ ጥሬ ነውና። ብቅሉ ሲደርቅ ግን ቪታሚን ሲው ስለሚጠፋ ይህ ዱቄት የሚሰጠው ሌላውን ጥቅም እንጂ የትኩሱን ጉንቁል አይደለም።

አድማጮቼ ሆይ፤ ጉንቁል ሁሉን ነገር አይሞላም። ጎመንን፣ ካሮትንና ወተትን አይተካም፤ ድኻ ደመወዝንም አያበዛም። ነገር ግን ጓሮ በሌለው ቤት፣ ገበያው በተወደደበት ሳምንት፣ በአንድ ብርጭቆ ምስር ትኩስ ነገር ከገበታ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ይህም ለአንድ ቤተ ሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ከዚህ ጉዳይ የተማርሁት ስለ ጉንቁል ብቻ አይደለም። ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ወደ ሕዝብ ጆሮ ከማድረሴ በፊት በእሳት አጠገብ የኖሩትን መጠየቅ ነበረብኝ። እናንተም ዛሬ ከእኔ የሰማችሁትን በቤታችሁና በጎረቤታችሁ ካሉ አዛውንት ጋራ አመሳክሩት። ባለፈው ንግግሬ ቃሌን ሰምታችሁ ጥሬ ቦሎቄ ያበቀላችሁ ብትኖሩ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። በዕቃው ውስጥ ያለውንም አትጣሉት፤ ዛሬ ማታ ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ በደንብ ቀቅሉት።